ከማጅራት ወደ ግንባር፦ የፀጉር ንቅለ ተከላ ከመወሰኑ በፊት

እንግሊዛዊው የእግር ኳስ ተጫዋች ዌይን ሩኒ በሰኔ 2011 የፀጉር ንቅለ ተከላ ማድረጉን በትዊተር ገጹ ለዓለም አስታወቀ። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዕድሜው ገና 25 ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩ ታዋቂ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን ይሸሽጉት ነበር። የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ በነሐሴ 2004 በሰርዲኒያ ደሴት ቶኒ ብሌርን ሲቀበሉ ራሳቸውን በነጭ ሻሽ አስረው ነበር የታዩት፤ ከሻሹ ሥር የነበረው የንቅለ ተከላ ቁስል እንደሆነ የታወቀው በኋላ ነው። ሩኒ ግን በአደባባይ ተናገረ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ፀጉር ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ወጣት መስታወቱን እያየ «ኢስታንቡል ሄጄ ባሠራውስ?» ቢል የሚገረም የለም።

ሰው ስለ ፀጉሩ መጨነቁ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ልጆች ነቢዩ ኤልሳዕን በመላጣው ሲያላግጡበት የሚተርከው ታሪክ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ኦሪት ዘሌዋውያንም በምዕራፍ 13 ስለ ቆዳ ደዌ ሲደነግግ፣ ራሱ የተመለጠ ሰው ንጹሕ መሆኑን ለይቶ ያስቀምጣል። በዘመናችን ደግሞ ሊ ጄ ሚዩንግ በ2022ቱ የደቡብ ኮሪያ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሲወዳደሩ የፀጉር መሳሳት ሕክምና በጤና መድን እንዲሸፈን ሐሳብ አቅርበው የአገሩ ትልቅ መነጋገሪያ ሆነው ነበር። ስለዚህ የሚያስፈልገው ጭንቀቱን ማጣጣል ሳይሆን፣ ሰውዬው ገንዘቡንና ቆዳውን ከመስጠቱ በፊት ምን እየገዛ እንደሆነ ማስረዳት ነው።

የሚገዛው አዲስ ፀጉር አይደለም። ንቅለ ተከላ አንድም ተጨማሪ ፀጉር አይፈጥርም፤ ያለውን ከአንድ ቦታ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራል። ይህን አንድ እውነት የያዘ ሰው የቀረውን ሁሉ ከእርሱ ተነሥቶ ሊያሰላ ይችላል።

እውነቱ የተገኘው በሁለት ሰዎች ሥራ ነው። ጃፓናዊው የቆዳ ሐኪም ሾጂ ኦኩዳ በቃጠሎና በሌላ ጉዳት ፀጉር ያጡ ሰዎችን በትንሽ ክብ መብሻ ቆዳ እየወሰደ፣ ፀጉር ወደሌለበት ቦታ እየተከለ ሲያክም ቆይቶ በ1939 ውጤቱን አሳተመ። ጽሑፉ በጃፓንኛ ነበር፤ ወዲያው የዓለም ጦርነት መጣና የምዕራቡ ዓለም ሐኪሞች ሳያነቡት ቀሩ። ኖርማን ኦሬንትራይክ የተባለው የኒው ዮርክ የቆዳ ሐኪም በ1952 በራሰ በራ ሰው ላይ ሞከረው፤ በ1959ም አሳተመው። ኦሬንትራይክ ያረጋገጠው ነገር ዛሬም የሙያው መሠረት ነው፦ ከማጅራት በላይ ካለው የራስ ክፍል የተነሣ ፀጉር ግንባር ላይ ቢተከልም የመጣበትን ቦታ ጠባይ ይዞ ይኖራል። በብዙ ወንዶች ላይ ግንባሩና አናቱ ሲራቆት ከጆሮ እስከ ጆሮ በኋላ በኩል የሚዞረው ፀጉር ሳይረግፍ ይቀራል። ይህ ፀጉር ሲዛወር ያንኑ ጥንካሬውን ይዞ ይሄዳል።

የኦሬንትራይክ መብሻ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ስለነበረው የሚተከለው ፀጉር ዘለላ ዘለላ ሆኖ እንደ አሻንጉሊት ፀጉር ይታይ ነበር። እስከ 1980ዎቹ ድረስ ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ራስ ይዞ ኖሯል። ነገሩን የለወጠው ማይክሮስኮፕ ነው። ፀጉር ከቆዳ የሚወጣው ከአንድ እስከ አራት እየሆነ፣ በቡድን በቡድን ነው። በቴክሳስ የሳን አንቶኒዮ ከተማ ሐኪም የነበረው ቦቢ ሊመር ከኋላ ቀጭን የቆዳ ቁራጭ ቆርጦ፣ እነዚህን ቡድኖች በማይክሮስኮፕ እያየ አንድ በአንድ ለይቶ መትከልን በ1994 አሳተመ። በ2002 ደግሞ ዊሊያም ራስማንና ሮበርት በርንስታይን ቁራጭ ቆዳ ሳይነሣ ቡድኖቹን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ መብሻ በቀጥታ ከራስ ቆዳ ላይ ማውጣትን የሚገልጽ ጽሑፍ አወጡ። የመጀመሪያው ዘዴ ከኋላ አንድ ረጅም ቀጭን ጠባሳ ይተዋል፤ ሁለተኛው ብዙ ጥቃቅን ነጠብጣብ ጠባሳዎች። ዛሬ ክሊኒኮች በብዛት የሚያስተዋውቁት ሁለተኛውን ነው፤ የሚወጣውንም ቡድን «ግራፍት» ይሉታል።

ስሌቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሰው ራስ ላይ 100,000 ያህል ፀጉር አለ፤ በቀን ከ50 እስከ 100 የሚሆነው መርገፉም የተፈጥሮ ሥርዓት ነው። ከኋላ በኩል ያለው ክፍል ግን ወሰን ያለው ጎተራ ነው፤ የወጣው ግራፍት ተመልሶ አይበቅልበትም። በተለመደው የሐኪሞች ግምት ከአንድ ሰው ጎተራ በዕድሜ ዘመኑ ሁሉ ያለ ጉዳት ሊወጣ የሚችለው ከ4,000 እስከ 6,000 ግራፍት ነው። አናቱና ግንባሩ ሰፊ ሆኖ የተራቆተ ሰው ባዶ ቦታው ከ200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ለዓይን ሙሉ የሚመስል ፀጉር እንዲኖረው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 40 ግራፍት ቢተከልለት 8,000 ያስፈልገዋል። የለውም። ሊኖረውም አይችልም።

አንድ የ24 ዓመት ወጣትን እንውሰድ። ግንባሩ ግራና ቀኝ ሸሽቷል፤ አናቱ ግን ገና ሙሉ ነው። ግንባሩን እንደ 17 ዓመቱ ዝቅ አድርጎ ለመሙላት 2,500 ግራፍት ያወጣል፤ በዓመቱ ፎቶው ያምራል። ነገር ግን መርገፉ አልቆመም። የተተከለው ፀጉር ባለበት ሲቆይ ከኋላው ያለው የራሱ ፀጉር መሳሳቱን ይቀጥላል። በ40 ዓመቱ ግንባሩ ላይ አንድ መስመር ፀጉር፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ ሜዳ፣ ከጎተራው ደግሞ ለመሙላት የማይበቃ ትራፊ ይቀርለታል። ብዙ ጠንቃቃ ሐኪሞች ከ25 ዓመት በታች ያለውን ወጣት «ቆይ» የሚሉት ስለዚህ ነው። ለወጣት ይህ ምክር መራራ መሆኑ እውነት ነው፤ መራራነቱ ግን ትክክለኛነቱን አይቀንሰውም።

ታዲያ መርገፉ ራሱ በምን ይቆማል? አሜሪካዊው ጄምስ ሃሚልተን በ1942 ባሳተመው ጥናት፣ ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ወንዶች ራሰ በራ እንደማይሆኑ፣ ቴስቶስትሮን ሲሰጣቸው ግን በዘራቸው ራሰ በራነት ያለባቸው መመለጥ እንደሚጀምሩ አሳየ። ሁለተኛው ፍንጭ የመጣው ማንም ካልጠበቀው ቦታ፣ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የገጠር መንደር ነው። በዚያ የሚወለዱ አንዳንድ ልጆች ሴት መስለው ያድጉና በጉርምስና ዕድሜ የወንድ አካል ይወጣላቸዋል። ጁሊያን ኢምፔራቶ ማክጊንሊና ባልደረቦቿ በ1974 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ምክንያቱን ገለጹ፦ ልጆቹ ቴስቶስትሮንን ዲኤችቲ ወደሚባለው ኃይለኛ ሆርሞን የሚለውጠው ኢንዛይም ይጎድላቸዋል። እነዚህ ሰዎች ሲያድጉ የፕሮስቴት ዕጢያቸው ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ ፀጉራቸውም ከግንባር አይሸሽም። ከዚህ ግኝት ፊናስተራይድ የተባለው መድኃኒት ተሠራ። በአሜሪካ በ1992 ለፕሮስቴት እብጠት፣ በ1997 ደግሞ በአንድ ሚሊ ግራም መጠን ለወንዶች ራሰ በራነት ተፈቀደ። ሚኖክሲዲልም እንዲሁ ሌላ መንገድ ዞሮ የመጣ ነው፤ መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር፤ በሽተኞቹ ላይ ፀጉር ሲበዛ ታየና በ1988 ራስ ላይ የሚቀባው ዓይነት በአሜሪካ ተፈቀደ።

እነዚህን ሁለት መድኃኒቶች ሳይሞክር ወደ ንቅለ ተከላ የሚሮጥ ሰው ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል። መድኃኒቱ ያለውን ያቆያል፤ ንቅለ ተከላው የጠፋውን ቦታ ይሸፍናል። ሁለቱም የራሳቸው ሸክም አላቸው። መድኃኒት ሲቋረጥ ያቆየው ፀጉር በወራት ውስጥ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የዓመታት ነው። ፊናስተራይድ በጥቂት ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎትንና አቅምን ይቀንሳል፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲም በ2025 ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከጎን ጉዳቶቹ አንዱ መሆኑን አረጋግጧል። እርጉዝ ሴት የተሰባበረ ክኒኑን መንካት እንኳ የለባትም፤ በማኅፀን ያለውን ወንድ ልጅ ሊጎዳ ይችላልና። ይህን መድኃኒት በወዳጅ ምክር ወይም በስልክ ማስታወቂያ ሳይሆን በሐኪም ትእዛዝ መጀመር ያሻል።

ይህ ሁሉ የተባለው ግን የተለመደውን የወንድ ራሰ በራነት በሚመለከት ነው። ፀጉር በሌላ በብዙ ምክንያት ይረግፋል፤ አብዛኛው ምክንያት ደግሞ መብሻ አይፈልግም። ክብ ክብ እየሆነ የሚረግፈው ላሽ የሰውነት መከላከያ የራሱን የፀጉር ሥር በማጥቃቱ ይመጣል። ቆረቆር የፈንገስ በሽታ ነው። የወለደች ሴት ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ፀጉሯ በእፍኝ እየወጣ ሊያስደነግጣት ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል። የብረት እጥረትና የታይሮይድ ዕጢ ሕመምም ፀጉር ያሳሳሉ። ለእነዚህ ሁሉ መልሱ እንደ ምክንያቱ ምርመራ፣ ሕክምና ወይም ትእግሥት ነው። በሴቶች ላይ የሚታየው የዘር መሳሳት ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱን ሁሉ፣ ኋላውንም ጭምር፣ የሚያዳርስ ስለሆነ ጎተራው ራሱ የሳሳ ነው።

አንዱ ምክንያት በተለይ ለእኛ አገር ሴቶች መነገር አለበት። በ1907 ትሬቢች የተባለ ሐኪም በግሪንላንድ ፀጉራቸውን ወደ ላይ ስበው አጥብቀው የሚያስሩ ሴቶች ከጆሯቸው በላይና በግንባራቸው ዳር እንደሚመለጡ ጽፎ ነበር። ያው ጉዳት አጥብቆ በተሠራ ሹሩባ፣ በከባድ ዊግና በተሰፋ ሂውማን ሄር ይመጣል። ሹሩባው ተሠርቶ ሲያልቅ ቆዳው የሚያምም፣ ዳር ዳሩን ጥቃቅን ብጉር የሚያወጣ ከሆነ ሥሩ እየተጎተተ ነው። በጊዜ ከላላ ፀጉሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ቦታው ጠባሳ ይሆናል። እንዲህ ቆይቶ ለጸና ጠባሳ ንቅለ ተከላ ጥሩ ውጤት ሊሰጥ ይችላል፣ ሴትዮዋ ጥብቅ ሹሩባውን ለዘለቄታው ከተወች። ካልተወች የተተከለውም በተራው ይነቀላል። ትናንሽ ልጃገረዶችን ለበዓል አጥብቀው የሚሠሩ እናቶችና ሠሪዎች ይህን ቢያውቁ ስንት ግንባር በዳነ ነበር።

በአፍሪካውያን ዘር ሴቶች ላይ በብዛት የሚታይ ሌላም በሽታ አለ፤ ከአናት መካከል ጀምሮ ወደ ውጭ እየሰፋ የፀጉርን ሥር ወደ ጠባሳ ይለውጣል። በ2019 የታተመ ጥናት በአንዳንዶቹ ላይ ፓዲ 3 ከተባለው ዘረ መል ጋር አያይዞታል። እንዲህ ያለው በሽታ ንቁ ሆኖ ሳለ ተክሎ መጠበቅ ገንዘብ መጣል ነው፤ ቢያንስ ለአንድ ሁለት ዓመት መርጋቱን ማየት ያስፈልጋል። ለዓይን የሚመሳሰሉ ነገሮች ስለሆኑ ሐኪሙ ከቆዳው ቅንጣት ወስዶ ማስመርመር ሊያስፈልገው ይችላል። በአገራችን በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተመሠረተው የአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል፣ በደሴ አቅራቢያም የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ጉዞ ወደ አየር ማረፊያ ሳይሆን ወደ ቆዳ ሐኪም ይሁን።

ለጥቅልል ፀጉር የተለየ ጥንቃቄ ያሻል። እንዲህ ያለ ፀጉር ከቆዳ በላይ እንደሚጠቀለል ሁሉ ከቆዳ በታችም የታጠፈ ነው። ቀጥ ብሎ የሚገባ መብሻ የታጠፈውን ሥር ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠ ሥር ደግሞ የባከነ ግራፍት ነው። ስለዚህ በቀጥ ፀጉር ላይ ብቻ የሠራ ባለሙያ በዚህ ራስ ላይ ብዙ ሊያጠፋ ይችላል። ጠንቃቃ ሐኪም አስቀድሞ ጥቂት ግራፍቶችን በሙከራ አውጥቶ ያያል። በሌላ በኩል ጥቅልል ፀጉር በረከትም አለው፤ አንዱ ፀጉር ብዙ ቦታ ይሸፍናል፣ ከጠይም ቆዳ ጋርም ስለሚቀራረብ ባዶው ቶሎ አይታይም። ጆሮ ከመበሳት ወይም ከቁስል በኋላ ቆዳው እያበጠ የሚያድግበት፣ ሐኪሞች ኬሎይድ የሚሉት ጠባሳ የሚወጣበት ሰው ይህን መደበቅ የለበትም። ፀጉሩን በማሽን አስጠግቶ ከተቆረጠ በኋላ ማጅራቱ ላይ ጠጣር እብጠቶች የሚወጡበት ወንድም እንዲሁ፤ ችግሩ ያለው ጎተራው ዳር ላይ ነው።

አሁን ወደ ኢስታንቡል። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፤ ክሊኒኮቹ ሆቴልን፣ መኪናንና አስተርጓሚን በአንድ ዋጋ ጠቅልለው ያቀርባሉ። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ2,000 እስከ 4,000 ዶላር ሲሆን በአሜሪካ ከ10,000 ዶላር በላይ የሚጠየቅበት ሥራ ነው። በዚያ ከተማ በእውነት የተካኑ ሐኪሞች አሉ። ግን ደግሞ ሐኪሙ ለደቂቃዎች ብቅ ብሎ የሚጠፋባቸው፣ መብሻውንም ተከላውንም ሌሎች ሠራተኞች የሚሠሩባቸው ቤቶች ሞልተዋል። በ1993 የተመሠረተው የፀጉር ንቅለ ተከላ ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበር ሐኪም ባልሆኑ ሰዎች እጅ ስለሚካሄደው ሕገ ወጥ ሥራ ሕዝብን የማስጠንቀቅ ዘመቻ እስከ መክፈት የደረሰው ለዚህ ነው። «የፈለግከውን ያህል ግራፍት በአንድ ዋጋ» የሚለው ማስታወቂያ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ሊያስጠነቅቅ ይገባል፤ ጎተራን ባንድ ቀን ለማራገፍ የሚቀርብ ግብዣ ነውና። ከመጠን በላይ የተወሰደበት ኋላ ብል እንደበላው ልብስ ቦታ ቦታው ይሳሳል፤ መልሶ የሚጠግነውም የለም።

አደጋው የመልክ ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2019 በህንድ ሙምባይ አንድ የ43 ዓመት ነጋዴ በአንድ ቀን ከ9,000 በላይ ግራፍት ከተተከለለት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሕይወቱ አልፏል። እንዲህ ያለው ሞት እጅግ ጥቂት ነው፤ ሆኖም ማደንዘዣው ብዙ መርፌ፣ ሥራውም ብዙ ሰዓት የሚፈጅ መሆኑን ይመሰክራል። የልብ ሕመም፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁሉን አስቀድሞ መናገር አለበት።

ከሥራው በኋላ ያሉት ቀናት ቀላል ናቸው፣ ትእግሥት ካለ። ግንባር ለሁለት ሦስት ቀን ሊያብጥ ይችላል፤ ቅርፊቱ በአሥር ቀን ገደማ ይረግፋል። በእነዚያ ቀናት ማጎንበስና የተተከለውን ቦታ ማሸት አይፈቀድም። ሐኪሙ የማያውቀውን ነገር የአገራችን ሰው ራሱ ሊያስብበት ይገባል፦ ሕማማት ላይ የሚሰግድ ክርስቲያን፣ በቀን አምስት ጊዜ ግንባሩን ምንጣፍ ላይ የሚያሳርፍ ሙስሊም ቀጠሮውን አስልቶ ይያዝ፣ ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱም ጋር ይነጋገር። ከዚያ የሚመጣው ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ነገር ነው። በሁለተኛው ሳምንትና በስድስተኛው መካከል የተተከለው ፀጉር ይረግፋል። ሥሩ ግን ከቆዳ ሥር አለ፤ ከሦስት አራት ወር በኋላ ቀጭን ሆኖ መውጣት ይጀምራል፤ ውጤቱ የሚፈረደው በዓመቱ ነው፣ አናት ላይ ከዚያም ይዘገያል።

ሌላ ሰው ምን ያያል የሚለውን የመረመሩም አሉ። በ2016 የታተመ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 122 ሰዎችን የወንዶች ፎቶ አሳይቶ ነበር፤ ተመልካቾቹ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸውን ከበፊቱ ፎቷቸው ይልቅ ወጣት፣ ማራኪና የተሳካላቸው አድርገው ገመቷቸው። ከዚያ በፊት በ2012 አልበርት ማኔስ ያሳተመው ጥናት ደግሞ ፀጉሩን ሙሉ በሙሉ የተላጨ ወንድ በተመልካቾች ዘንድ ይበልጥ ኃይለኛ ሆኖ እንደሚታይ፣ ዝቅ ተደርጎ የሚታየው እየሳሳ ያለውን ፀጉር ይዞ የሚኖረው እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ ምላጭም የተከበረ ምርጫ ነው፤ ዋጋውም ትንሽ ነው፤ ቢጸጸቱበት ይበቅላል።

ንቅለ ተከላው በእውነት የሚስማማውም አለ። ከ35 ዓመት ያለፈ፣ መርገፉ ለጥቂት ዓመታት የረጋለት፣ ኋላው ጥቅጥቅ ያለ፣ መድኃኒቱንም ሞክሮ የሚያውቅ፣ ሙሉ ፀጉር ሳይሆን ለፊቱ ክፈፍ የሚሆን ግንባር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ረክቶ ይኖራል። እንዲህ ያለው ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፦ መብሻውን የሚይዘው ማን ነው? በጥቅልል ፀጉር ላይ ከዓመት በኋላ የተነሡ ፎቶዎች አሉ? ዛሬ ስንት ግራፍት ይወጣል፣ ከኋላስ ስንት ይቀራል? በዕለቱ ጠዋት ሐኪሙ የግንባሩን መስመር በእስክሪብቶ ሲሥል መስታወት ይጠይቅ፣ በእርጋታም ይየው። የጎለመሰ ወንድ የፀጉር መስመር ከቅንድብ መካከል ሰባት ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ግራና ቀኙም ትንሽ ሸሽቶ ነው የሚገኘው። መስመሩ ከዚያ ዝቅ ብሎ ከተሠራ፣ ማደንዘዣው ሳይወጋ «ከፍ ያድርጉልኝ» ማለት ይችላል።